የጽድቅ መልስ

በወር በዓል ማለዳ ቤተ ክርስቲያን በር አካባቢ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ሰው የሚያየው አያጣም። ለምሳሌ ይኸን ሰውዬ ያያል። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ አጥሩን ተሳልሞ፣ ግንባሩን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሣ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቶ ሲያበቃ፣ ጥግ ይዘው ወደተደረደሩት ነዳያን ዞር ይላል። ኪሱ ውስጥ ያለው ድፍን አሥር ብር ነው፤ ሐሳቡ ግን አምስት ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ አምስት ብር መልስ አለሽ?» ይላል። እሷም አይደንቃትም። የመቀነቷን ቋጠሮ ትፈታና ቆጥራ ትመልስለታለች። በምርቃቱ ላይ ግን አትቆጥብም፤ «ከክፉ ይሰውርህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ» ስትል ለአምስት ብሩም ለአሥር ብሩም ያው ነው።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬው ወደ መኪናው ሲመለስ አረማመዱ ተለውጧል፤ ደረቱ ወጣ፣ ትከሻው ዘና ብሏል። መኪናው ዘንድ ደግሞ ትኬት የያዘ የፓርኪንግ ልጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። «የምን ሒሳብ? ገና አሁን አቁሜ!» ይጀመራል። ልጁ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያሳያል፤ ሰውዬው ፀሐይዋን ይጠቁማል። ክርክሩ ሳያልቅ ሞተሩ ይነሣል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ሲያልፍ መሪውን ለቆ ያማትባል፤ ልጁም በባዶ እጁ ይቀራል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ማንም ሳያስገድደው የተዘረጋው እጅ፣ በግልጽ የሚጠየቀው ዕዳ ሲሆን ተጨበጠ።

አስመሳይ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ አይመስለኝም። አስመሳይ የሚያደርገውን ያውቃል። ይህ ሰው ግን የሰጠውም ከልቡ ነው፣ የከለከለውም ከልቡ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሒሳብ ተሠርቷል፤ የተሠራውም ባለቤቱ ሳያየው ነው።

ሒሳቡን አንዴ የለመደ ዓይን በየቦታው ያገኘዋል። የከተማ አውቶቡስ ውስጥ «ይቀመጡ እማማ» ብሎ የተነሣውን ጎረምሳ ተመልከቱልኝ። ለእማማ የሠራው ሥራ መልካም ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሐውልት መተላለፊያው መሐል ይቆማል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሰው እግር ይረግጣል፤ ይቅርታ አይልም፤ እሱ እኮ ቦታ ለቆ ነው የቆመው። በሚቀጥለው ፌርማታ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ደግሞ፣ ያልተነሡትን ተቀማጮች አንድ በአንድ በዓይኑ ይገርፋል። በአንድ ወንበር ዋጋ የሰው ሁሉ ምግባር ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሹሟል። ሲወርድማ ከፊቱ ያለችውን ነፍሰ ጡር ገፍቶ ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ነገር በወግ በወጉ ሲመረምሩት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሶንያ ሳችዴቫ፣ ሩመን ኢሊየቭና ዳግላስ ሜዲን አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎችን ቃላት ሰጥተው በቃላቱ ስለ ራሳቸው አጭር ታሪክ አስጻፏቸው። አንዳንዱ የደረሰው እንደ ደግ፣ ለጋስና አሳቢ ያለ ቃል ነው፤ አንዳንዱ ስግብግብና ራስ ወዳድ የሚል ደርሶታል፤ የቀሩት ደግሞ እንደ መጽሐፍ፣ ቁልፍና ቤት ያለ ጣጣ የሌለው ቃል። ጽሕፈቱ ሲያልቅ ለበጎ አድራጎት እስከ 10 ዶላር እንዲለግሱ ተጠየቁ። ራሱን ሲያወድስ የቆየው በአማካይ የሰጠው 1.07 ዶላር ነው። ስለ ቁልፍና ቤት የጻፈው 2.71 ሰጠ። ራሱን ሲኮንን የቆየው 5.30! ልብ በሉ፣ ከመካከላቸው በዚያ ሰዓት የተመጸወተ ደሃም የተበደለ ጎረቤትም የለም። ደግነቱ በወረቀት ላይ ነው፤ የተመነዘረው ግን በዶላር ነው።

ከእነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ቤንዋ ሞናንና ዴል ሚለር የተባሉ ሁለት ምሁራን ሌላ በር ከፍተው ነበር። ስለ ሴቶች የተነገሩ የንቀት አባባሎችን «አልስማማም» ብለው የመቃወም ዕድል የተሰጣቸው ሰዎች፣ ቀጥሎ ስለ አንድ የሥራ ቦታ ሲጠየቁ «ይኸ እንኳ ለወንድ ይሻላል» ለማለት ያን ዕድል ካላገኙት ይልቅ ደፈሩ። አንዴ አለመናቃቸውን አስመስክረዋልና። ይህን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። «እኔ ዘረኛ አይደለሁም» ተብሎ የተጀመረ ዐረፍተ ነገር «ግን» ላይ ሲደርስ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። «ባለቤቴ እኮ የእነሱ ወገን ናት» የሚለው ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅን ይጠይቃል፤ ትዳሩን እንደ መንጃ ፈቃድ አሳይቶ በፍጥነት ሊነዳ ነው።

በእኛ ዘንድ ሒሳቡ ፀሐይ የሚሞቀው በጾም ወራት ነው። በዐቢይ ጾም ካፌ የገባ ሰው ስለ አንዲት ብስኩት የሚያካሂደው ምርመራ ለፍርድ ቤት ይበቃል። ወተት አላት? ቅቤ ነክቷታል? እንቁላልስ? አስተናጋጁ ሁለቴ ጓዳ ተመላልሶ ሦስተኛውን በመሐላ ይጨርሰዋል። የብስኩቷ ንጽሕና ተረጋግጦ፣ ሻዩ ቀርቦ፣ ወንበሩ ጠጋ ጠጋ ካለ በኋላ፣ ያልመጣውን ጓደኛ መብላት ይጀመራል። ሥራው፣ ሚስቱ፣ ብድሩ፣ የቤቱ ጣሪያ ሳይቀር። ይኸኛው ሥጋ በጾም ቀርቶ በፍስክም እንደማይበላ መምህራኑ በየዓመቱ ሳይታክቱ ያስተምራሉ፤ ግን ጥንቃቄው ሁሉ ብስኩቷ ላይ አልቋል። አስተናጋጁ ሒሳብ ሲያዘገይ ይሰደባል። ለምን ተሳደብክ ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ «ጾም ይዞኝ ነው።» ጽድቁ ራሱ ለኃጢአቱ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል።

ከዚህ የሚረቀው ደግሞ ቅበላ ነው። በቅበላ ሰሞን የሥጋ ቤቶችን ወረፋ ያየ ሰው፣ ገና ያልተጾመ ጾም ምን ያህል ክትፎ እንደሚያስበላ ይረዳል። ለመጪው ሃምሳ አምስት ቀን ሲባል ዛሬ በብድር ይበላል። ቅበላን የሚነካብኝን አልወድም፤ እኔም ወረፋው ላይ ነኝ። ግን ይህ ጠባይ ከሥጋ ቤት ወጥቶ ሌላው ኑሮ ውስጥ ሲገባ ሆድ ያስብሳል። «ከሰኞ ጀምሮ ሲጋራ አቆማለሁ» ያለ ሰው እሑድ ማታ ስንት ፓኮ እንደሚጨርስ የሱቁን ባለቤት ጠይቁ። ቤት ሠርቼ ስጨርስ ዘመዶቼን አስባለሁ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ ፎቅ እስኪያወጣ ድረስ ገና ባልሠራው ደግነት ሲመሰገን ይኖራል።

የበደለኛው ወገን ደግሞ የራሱ ለዛ አለው። ማምሻውን በሰፈር መንገድ ላይ በሪባን የታሰረ የኬክ ካርቶን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ የሚራመድ ባል ሳይ ልደት ነው ብዬ አላስብም። ሚስትም አታስብም። በሩን ከፍታ ካርቶኑን እንዳየች «ደግሞ ምን አጥፍተህ ነው?» ትላለች። ልምድ ያላት ከሆነች ሪባኑን ሳትፈታ የጥፋቱን ልክ ታውቃለች። ኩኪስ ከሆነ አምሽቷል። ቶርታ ከሆነ ብር ጠፍቷል። ቶርታና አበባ አብረው ከመጡ፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል።

በደል ሰውን ለጋስ ያደርገዋል፤ ይህ በላቦራቶሪም በሳሎንም የታየ ነው። ችግሩ ለጋስነቱ ዕዳው በተቆረጠበት ቦታ ላይ አለመዋሉ ነው። ጠዋት በጥቂት ሰበብ የተጮኸባት የቤት ሠራተኛ ማታ ሻሽ ይገዛላታል፤ ሻሹ ቆንጆ ነው፤ ደመወዟ ግን አምናም ያው ነበር። ልጁን በቁጣ በጥፊ ያለ አባት ከረሜላ ይዞ ይገባል፤ ልጁም ብልህ ከሆነ የጥፊንና የከረሜላን ምንዛሪ ቶሎ ይማራል። ዋሽንግተን ያለው ልጅ «ብር ልኬላት የለ እንዴ» ብሎ ስልክ መደወሉን ይተወዋል፤ እናትየው ደግሞ አንድ ቀን ስታገኘው «ብሩስ ደረሰኝ፤ አንተ መች ትደርሳለህ?» ትለዋለች። ከዚያ የሚቀጥለው ብር ከፍ ብሎ ይላካል። ዝምታውም ይረዝማል።

እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ካቶሊካውያን ኑዛዜ ሊገቡ ሲሉና ኑዛዜ ጨርሰው ሲወጡ ምጽዋት ጠይቆ አነጻጽሯል። የሚገቡት ከወጡት ይበልጥ ሰጡ። ሸክሙን ያልጣለ ሰው እጁ ይፈታል፤ የጣለ ሰው እፎይ ብሎ ያልፋል። ይህን ሳነብ የእኛዎቹን የነፍስ አባቶች አሰብኩ። የተናዘዘ ሰው «በቃ ተፈትተሃል» ተብሎ ብቻ አይሸኝም፤ ቀኖና ይሰጠዋል። ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም፣ እንዲህ አድርገህ መጽውት ይባላል። ከንስሐ ሲወጣም ገና ተበዳሪ ነው፤ ጉልበቱ ያውቀዋል። የቀደሙት አባቶች ጥናት አላደረጉም፤ ሰውን ግን ያውቁት ነበር።

እጅ መታጠብስ? ጲላጦስን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቼንቦ ዦንግና ኬቲ ሊልየንክዊስት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሠሩትን ጥፋት እንዲያስታውሱ ከተደረጉ ሰዎች መካከል እጃቸውን ያልጠረጉት 74 በመቶ ሌላውን በነጻ ለመርዳት ሲስማሙ፣ እጃቸውን በመድኃኒት መጥረጊያ የጠረጉት ግን 41 በመቶ ብቻ ተስማሙ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያንኑ ውጤት ሊያገኙት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ለአካባቢ ተስማሚ ዕቃ የሸመቱ ሰዎች ቀጥለው በይበልጥ አጭበረበሩ የሚለውም ጥናት ሲደገም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 91 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ወጣ፤ ነገሩ መኖሩን አገኘ፣ ግን መጠኑ የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ለኅትመት የበቁት ሙከራዎችም ካልታተሙት ይልቅ አጋንነው ያሳዩት ነበር። ሳይንቲስትም ሰው ነው፤ የሚያምር ውጤት ያገኘ ተመራማሪ በራሱ ላይ ያለው ጥርጣሬ እንደሚላላ መገመት ይቻላል።

እኔ ለአረንጓዴው ነገር ጥናት አላስፈለገኝም። ክረምት ሲሆን ችግኝ ሊተክል በአውቶቡስ የወጣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጭቃውን አራግፎ፣ ውኃውን ከጠጣ በኋላ ባዶውን ሃይላንድ የት እንደሚጥለው ማየት ነው። ከችግኙ አጠገብ፣ እንደ ድጋፍ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆሞ ይገኛል።

ቢሆንም ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። መልካም ሥራ ሌላ መልካም ሥራ የሚወልድበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ የቤት ባለቤቶችን ግቢያቸው ውስጥ «በጥንቃቄ ንዱ» የሚል ግዙፍና አስቀያሚ ሰሌዳ እንዲያስተክሉ ጠየቁ። በድንገት ከተጠየቁት የተስማማው 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለዚያው ስለ ጥንቃቄ አንዲት ትንሽ ወረቀት መስኮታቸው ላይ ለመለጠፍ እሺ ካሉት ግን 76 በመቶው ሰሌዳውንም ተቀበለ። እዚህ ትንሿ ደግነት ለትልቋ መንገድ ጠረገች እንጂ ፈቃድ አልሰጠቻትም።

እንግዲህ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ ሁለት ጥናቶች የሚሉት ለእኔ አሳማኝ ነው። አንደኛው፣ ሰው ቅርብ ጊዜ የሠራውን ዝርዝር ደግነት ሲያስታውስ ይዝናናል፤ ራቅ ያለውን፣ «እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ» የሚያሰኘውን ሲያስብ ግን ያንኑ ለመሆን ይጥራል ይላል። ሁለተኛው፣ ዋጋ ያስከፈለ ደግነት ሌላ ደግነት ይስባል፤ ምንም ያላስከፈለ ግን ቶሎ ይመነዘራል የሚል ነው። ለዚህ ነው ከአምስት ብሩ ይልቅ ምንም ያላስከፈለውን ደግነት የምፈራው። በስልክ «አሜን» ብሎ ለታመመ ሰው የጸለየ፣ የተራበ ልጅ ፎቶ ለሌላ ያጋራ፣ አንዳች ሳይጎድልበት የደግ ሰው ስሜት ሙሉውን ደርሶታል። ቀኑን ሙሉ ሊያወጣው ይችላል።

ዘካን የማደንቀው ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ሙስሊም ሀብቱ ከተወሰነው ልክ ደርሶ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶውን ይሰጣል። ያን ሳምንት ቅዱስ ሆኖ ቢሰማው ቁጥሩ አይቀንስም፤ በደለኛ ሆኖ ቢሰማውም ግዴታው አይጨምርም። አሥራትም እንደዚሁ ነው። መስጠቱን ከሰውየው የዕለት ስሜት እጅ ፈልቅቀው ወስደውታል። በፈቃዱ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ይስጥ፤ ዕዳውን ግን መስተዋት ፊት ቆሞ አይተምነውም።

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የተሣለውን በላዔ ሰብእን ያየ ሰው ሒሳብን በሥዕል አይቷል። የቅምር አገሩ ይህ ሰው ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል፤ ቤተሰቡን ሳይቀር። በመንገዱ አንድ በቁስል የተመታ ለማኝ በእመቤታችን ስም ውኃ ለመነውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሚዛኑ ቀረበ፤ በአንዱ ወገን ያ ሁሉ ሰው፣ በሌላው ጥርኟ ውኃ። የእመቤታችን ጥላ ቢያርፍባት ውኃዋ ሚዛን ደፋች። ይህን ታሪክ «እንግዲያስ በአንድ ጥርኝ ውኃ ይታለፋል» ብለው የሚጠቅሱ አሉ፤ እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላው ነገር ነው። ሚዛኑ በእሱ እጅ አልነበረም። ውኃዋንም ከሰጠ በኋላ በንስሐ አለቀሰ እንጂ ሰባ ዘጠነኛውን ሊበላባት አልተነሣም። ያ ባለ አሥር ብር ሰውዬ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰው መልስ ይጠይቅ ነበር። እኛ ሚዛኑንም ዕቃውንም ይዘን፣ አውራ ጣታችንን ሳህኑ ላይ ጣል አድርገን የምንቸረችር ነጋዴዎች ነን፤ ገዥውም ራሳችን ነን፣ ስለዚህ ማንም አይጮህም።

ገንዘብ ወደዚህ ሒሳብ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያሳየችው ሃይፋ ናት። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚያች የእስራኤል ከተማ ባሉ 10 የሕፃናት መዋያዎች ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆችን ተከታተሉ። በስድስቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ለዘገየ 10 ሼክል ቅጣት ተጣለ። መዘግየቱ ጨመረ፤ እጥፍ ገደማ ሆነ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በፊት የዘገየ ወላጅ መምህሯን ቀና ብሎ ለማየት ያፍር ነበር። አሁን ከፍሏል፤ ምን ያሳፍረዋል?

የዕድር አባል የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ድሮ ለቅሶ የቀረ ሰው የሐዘንተኛውን ደጅ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። ዛሬ በሰፈራችን «ቅጣቱን ያዙልኝ» ብሎ በስልክ የሚልክ በዝቷል፤ አንዳንዱ ማን እንደሞተ እንኳ አይጠይቅም። እንዲህ ሲበዛ ቅጣቱን ስለ ማሳደግ ስብሰባ ተጠራ። ጸሐፊው እጥፍ ይሁን አለ። ሌላው ሦስት እጥፍ አለ። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «ብሩን ተዉትና የቀረው ሰው ራሱ ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ለምን እንደቀረ ይናገር» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስት እጥፉን በጭብጨባ ሊቀበል የነበረው ሰው ሁሉ ይኸኛውን ፈራው። ዳኛው ድምፅ ሊያሰጡ ሲነሡ ግን ምልዓተ ጉባኤ አለመሟላቱ ተነገረ። የቀሩት አባላት ከስብሰባ የመቅረት ቅጣታቸውን አስቀድመው ልከዋል። ጸሐፊው ደረሰኝ ቆረጠላቸው፤ አጀንዳው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።